ለፎር ዊል መኪና የአየር ታንክ፦ ከሲኖ የወረደ፣ ከኮምፕረሰር የተረፈ ወይስ ሲሊንደር?

የአየር ታንክ አየር አይሠራም። ታንክ ፍለጋ ቃሊቲ የሚወርድ ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። ታንኩን ሮቶ ነው በሉት። መስመሩ ላይ ውሃ ከሌለ ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ቧንቧው አይንጠባጠብም። አየሩን የሚሠራው ኮምፕረሰሩ ነው። ታንኩ ቀስ እያለ የመጣውን አየር ይዞ ይቆይና ስትፈልጉት ባንዴ ይለቅላችኋል።

ስለዚህ ኪሳችሁ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ ኮምፕረሰሩን ግዙ፤ ታንኩ ይደርሳል። ደህና ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰር ባትሪ ላይ ነክሶ አራቱንም ጎማ ይሞላል። ታንክ ብቻ የያዘ ሰው ግን ሁለተኛው ጎማ ላይ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

ስንት ሊትር ይበቃል?

በፎር ዊል አየር በብዛት የሚፈለገው ለጎማ ነው። አፋር ወርዳችሁ አሸዋ ስትገቡ ጎማ ታስተነፍሳላችሁ፤ አስፋልት ስትይዙ መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ጎሚስታ ጋ «35 አድርግልኝ» የምንለው በፒኤስአይ ነው። ታንኮች ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በባር ነው። ሁለቱም የግፊት መለኪያ ናቸው፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ይሆናል።

265/70 ባለ 16 ጎማ ውስጡ ወደ 70 ሊትር ይይዛል። ከ18 ወደ 35 ፒኤስአይ መመለስ ማለት ከ1.2 ወደ 2.4 ባር ማሳደግ ነው። ልዩነቱ 1.2 ባር። ይህን በ70 ሊትር ስታበዙት 84 ይመጣል፤ ባር-ሊትር እንበለው። ለአራት ጎማ 336 ባር-ሊትር አየር ትፈልጋላችሁ።

አሁን 20 ሊትር ታንክ ውሰዱ፣ 8 ባር ድረስ የተሞላ። ጎማው 2.4 ሲደርስ ታንኩም ከ2.4 በታች ያለውን መስጠት አይችልም፤ ግፊታቸው እኩል ሆኗልና። ስለዚህ የሚሠራላችሁ 5.6 ባር ብቻ ነው። በ20 ሊትር ሲባዛ 112 ባር-ሊትር። አንዱን ጎማ ሞልቶ ለሁለተኛው ሲሶ ይተርፋል፣ አለቀ። ያለ ኮምፕረሰር አራቱንም ለመሙላት 60 ሊትር ታንክ ያስፈልጋል። 60 ሊትር ከሃይሉክስ ሥር የት ይገባል? ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጭን ይኖር ይሆናል። እኔ አልመክርም።

ታንክ የሚጠቅመው ባንዴ ብዙ አየር ሲፈለግ ነው። ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ለቆ ሲወጣ ኮምፕረሰሩ ብቻውን አይመልሰውም፤ አየሩ በዙሪያው ያመልጣል። 20 ሊትር ታንክ ባንዴ ሲለቀቅበት ግን ጎማው «ጧ» ብሎ ቦታው ይቀመጣል። ኤር ሎከር (በአየር የሚሠራ የዲፈረንሻል መቆለፊያ) ላለው ሰው ደግሞ 2 ወይም 3 ሊትር ይበቃል፣ የሚወስደው አየር ትንሽ ነውና። ለአየር ጥሩምባም እንዲሁ። የአየር ፊልትሮ አቧራ ለማራገፍ ያለው ሁሉ ይሆናል፤ ግፊቱን ከ2 ባር በታች አድርጉት እንጂ ወረቀቱ ይቀደዳል።

በአየር የሚሠራ ቡሎን መፍቻ የምታስቡ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ ልል አልችልም። ተራው ባለ ግማሽ ኢንች መፍቻ በደቂቃ ከ110 እስከ 140 ሊትር ይጨርሳል፣ 6 ባርም ይፈልጋል። 20 ሊትሩ ታንክ ከ8 ወደ 6 ባር እስኪወርድ 20 ሰከንድ ገደማ ነው የሚያሠራችሁ። የመስቀል ቁልፍ ይሻላችኋል።

አንድ የአዲስ አበባ ጣጣ አለ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነን፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ «በደቂቃ 70 ሊትር» የተባለ ኮምፕረሰር እዚህ የሚያመጣው የ53 ሊትር ያህል ሥራ ነው። እሱም ያለ ምንም ጫና ሲነፋ፤ ጎማ ላይ ሲገፋ ከዚያም ይቀንሳል። ኮምፕረሰራችሁ እንጦጦ ላይ ቢያቃስት ተበላሽቷል ብላችሁ አትሩጡ።

ከከባድ መኪና የወረደ የፍሬን ታንክ

የእኔ ምርጫ ይሄኛው ነው። ሲኖ፣ አይቬኮና መሰሎቻቸው በአየር ፍሬን ስለሚሠሩ ከሻንሲያቸው ጎን ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታንክ ይይዛሉ። እነዚህ ታንኮች የተሠሩት ለመኪና ነው። ለንዝረት፣ ለጭቃ፣ ለድንጋይ። አብዛኞቹ ለ10 ባር ገደማ የተፈቀዱ ናቸው፤ እኛ ደግሞ 8 ነው የምንሞላው። የምንፈልገው ትርፍ ይሄው ነው።

የጂቡቲ መስመር በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ስለሚያልፍ የከባድ መኪና ጋራዥና አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢም እዚያው ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራም አለ፤ ግን መሐል ከተማ ሲደርስ ዕቃው ባለሙያ ነጋዴ እጅ ገብቷል፣ ዋጋውም አብሮ ወጥቷል። ከዳር ስትገዙ አንድ የመደራደሪያ ካርድ አላችሁ። በዚያ አካባቢ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው የግንባታ ብረት የሚያወጡ ፋብሪካዎች አሉ። ባለግቢው ታንኩን ለእናንተ ካልሸጠው ለእነሱ በኪሎ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ መጀመሪያ የዕለቱን የብረት ኪሎ ዋጋ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ታንኩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን። የዋጋው ወለል እዚያ ላይ ነው። ከወለሉ በላይ የምትከፍሉት ለመለያ ሰሌዳውና ለጤንነቱ ነው።

ሻጩ «ይሄ እኮ ከሲኖ የወረደ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ» ይላችኋል። ዓይናችሁን ግን ክፈቱ።

ከሁሉ በፊት ሰሌዳውን ፈልጉ። ታንኩ ላይ የተበየደች ወይም የተለጠፈች ትንሽ ብረት ናት። የሥራ ግፊት፣ ሊትርና የተሠራበት ዓመት ተጽፎባታል። የአውሮፓ መለኪያ ያላቸው «ኢኤን 286» የሚል ያሳያሉ፤ ሁለተኛው ክፍሉ ለመኪና አየር ፍሬን የሚሆኑ ታንኮችን የሚመለከት ነው። ሰሌዳ የሌለው ወይም ጽሑፉ የጠፋ ታንክ ምን ያህል እንደሚችል የሚነግራችሁ የለም። ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

ከዚያ በታች በኩል እዩት። ውሃ የሚተኛው ሆዱ ላይ ስለሆነ ታንክ የሚበላው ከውስጥ፣ ከታች ነው። ቡሎኑን ፈትታችሁ በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ስስ ቡናማ ሽፋን ችግር የለውም። የሚቀረፍ ቅርፊት ካያችሁ፣ ወይም ስታወዛውዙት ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ይቅር። ከውጭ ደግሞ ማሰሪያው ቀበቶ ያረፈበትን ቦታ ፈትሹ፤ ጭቃና እርጥበት እዚያ ሥር ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። አዲስ ቀለም ጥርጣሬ ይፍጠርባችሁ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና ላዩ ላይ አስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ካለ ሥሩ ስቱኮ ነው። የአሉሚኒየም ታንክ ከሆነ ግን ማግኔት የትም አይዝም። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም፤ ካገኛችሁ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱት። ችግሩ አቅላጮችም ስለሚወዱት ብዙ አይገኝም።

ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። አንዳንድ የከባድ መኪና ታንክ ውስጡ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው። «40 ሊትር» ብላችሁ የገዛችሁት ሁለት ትንንሽ ታንክ ሆኖ ይገኛል። በአንዱ ጫፍ ቀዳዳ ንፉና አየሩ በሌላው ጫፍ መውጣቱን እዩ። ልኩን ካላመናችሁ በጀሪካን ውሃ ሙሉት። በዓይን ደግሞ ዲያሜትሩ 25 ሴንቲ፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ግድም የሆነ ታንክ ከ20 ሊትር ትንሽ በላይ ነው።

ቀዳዳዎቹ ላይ ደግሞ ተዘጋጁ። የአውሮፓና የቻይና ከባድ መኪና ታንክ ጥርሱ በብዛት ኤም 22 በ1.5 ነው፤ በሚሊ ሜትር የሚለካ ማለት ነው። የተራ ኮምፕረሰር መገጣጠሚያ ጥርሱ በኢንች ነው። ሁለቱ አይጋቡም። «በቴፍሎን ጠቅልለህ አስገድደው» የሚል ምክር ከመጣ አመስግናችሁ እለፉ። መለወጫውን ካላገኛችሁ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ያወጡላችኋል።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ከማን መኪና እንደወረደ የማይታወቅ ዕቃ ኋላ ጣጣ አለው።

ሞተሩ ከተቃጠለ ኮምፕረሰር የተረፈ

ቀለም ቀቢዎችና የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጠቀሙባት ባለ 24 ወይም 50 ሊትር ኮምፕረሰር አለች አይደል? መብራት ሲዋዥቅ ሞተሯ ይቃጠላል፣ ታንኳ ይቀራል። ሰበታ፣ ጀሞና ለቡ አካባቢ ግንባታ ስላለ እንዲህ ያለ ሬሳ በየወርክሾፑ ጥግ ተቀምጧል። ባለቤቱ ቁራሌው ከሚሰጠው ትንሽ ጨምራችሁ ብትሰጡት ደስ ይለዋል።

ጥቅሟ ሙሉ ጓዟን ይዛ መምጣቷ ነው። ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቅ፤ እሱን ግን በአዲስ ቀይሩት)፣ የግፊት መለኪያ፣ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ፣ 8 ባር ሲደርስ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ። እነዚህን ለየብቻ አዲስ ብትገዟቸው ከታንኩ ዋጋ ይበልጣሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ለ220 ቮልት የተሠራ ስለሆነ የባለ 12 ቮልቱን ትልቅ ጅረት በቀጥታ አታሳልፉበት፤ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ) ብቻ እንዲቀሰቅስ አድርጉት።

ጉዳቷ ላሜራዋ ስስ መሆኑ ነው። የተሠራችው ሲሚንቶ ወለል ላይ ለመቀመጥ ነው። ከመኪና ሥር አስራችሁ ኮረኮንች መንገድ ብትወስዷት የእግሮቿ ብየዳ ጋ መሰንጠቅ ልትጀምር ትችላለች። ስለዚህ ፒካፕ ላላችሁ ከኋላ፣ ጭነት ቦታው ላይ፣ ከሥሯ ጎማ አንጥፋችሁ እሰሯት። ለዚያ ቦታ ከፍሬን ታንኩ እኩል እሰጣታለሁ። ለሥረ-መኪና ግን አልመርጣትም።

መነካት የሌለባቸው

የፍሪጅና የኤሲ ጋዝ የሚመጣባት ቀለል ያለች ሲሊንደር በየሱቁ ባዶዋን ተጥላ ትገኛለች፣ ብዙ ጊዜም በነፃ። አንድ ጊዜ ተሞልታ እንድትጣል ነው የተሠራችው። ውስጧ ዝገት መከላከያ የለውም፤ እርጥብ አየር ሲገባባት ሳታዩት ትሳሳለች።

የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ጠንካራ ነው፣ እሱን አልክድም። ሆኖም ውስጡ የቀረ ጋዝ ከአየር ጋር ሲቀላቀል የሚፈነዳ ድብልቅ ይሆናል። ቫልቩን ለመቀየር የሚሞክር በያጅ ደግሞ እሳት ይዞ ነው የሚመጣው። ከታች የውሃ ማፍሰሻም የለውም። አሮጌ እሳት ማጥፊያም ዱቄቱ መቼም አይጸዳም፤ መስመራችሁን ሁሉ ይደፍናል። ወፍራም የፒቪሲ ቧንቧ ደፍነው ታንክ የሚያደርጉም አሉ። ፒቪሲ ሲፈነዳ እንደ ብረት አይቀደድም፣ ተሰባብሮ ይበተናል።

ኦክስጅን ሲሊንደርንስ? በጭራሽ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ይነዳል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ይሄ ያልተለመደ ግን ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ ነው። ለለስላሳ መጠጥና ለብየዳ የሚሞላው ሲሊንደር ውስጥ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። 5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ወደ 2,700 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ከላይ በሠራነው ሂሳብ አራቱን ጎማ ስምንት ጊዜ መሙላት ነው፤ በተግባር ትንሽ ያንሳል። ኮምፕረሰር አይፈልግም፣ ፈጣን ነው፣ ድምፅ የለውም።

በሌላ በኩል ያለ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) አይነካም። ውስጡ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ነው፤ ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሲያልፍ ፈሳሹ ፈሳሽነቱን ያጣና ግፊቱ ቶሎ ይወጣል። አዋሽ በእኩለ ቀን የቆመ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከተሳፋሪ ጋር በተዘጋ መኪና ቢያፈተልክም ያፍናል። ሲያልቅ ደግሞ መሙያው ያለው ከተማ ነው፣ ሠመራ መንገድ ላይ አይገኝም። በዓመት አንድ ሁለቴ ብቻ ለሚወጣ፣ ክፍት ፒካፕ ላለው ሰው ይሆናል። ለሌላው ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበዛል።

አዲስ መግዛት

አዲስ የተዘጋጀ የመኪና ታንክ ከነመገጣጠሚያው በማስመጣትም ይገኛል። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ርካሽ ለሚል ጽሑፍ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ሴፍቲ ቫልቩን ግዙ። ታንኩ አሮጌ ይሁን፣ ሴፍቲ ቫልቩ ግን አይሁን።

ኮምፕረሰር ለመግዛት አሁን አቅም የሌለው ሰው ታንኩን ሰፈሩ ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስሞላት ይችላል። የጎሚስታ መስመር ብዙ ጊዜ 8 ባር ገደማ ነው። አንድ ጎማ ይመልስላችኋል፣ ለጅማሬ አይከፋም።

ከመሞላቱ በፊት በውሃ ይፈተሽ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አሮጌ ታንክ የሚፈተሸው በአየር አይደለም። አየር ሲጨመቅ ጉልበት ያከማቻል፤ ታንኩ ከተቀደደ ያ ጉልበት ሁሉ ባንዴ ይወጣል። ውሃ አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ ታንኩ ቢሰነጠቅ ጭል ብሎ ይቆማል።

ታንኩን አፉ ድረስ ውሃ ሙሉት፣ አንዲት የአየር አረፋ አትቅር። የቧንቧ ሠራተኞች የዘረጉትን መስመር የሚፈትሹባት የእጅ ፓምፕ አለቻቸው፤ መለኪያ አላት፣ ኮንዶሚኒየም በሚሠራበት ሁሉ ትገኛለች። ለምናችሁም ሆነ ከፍላችሁ ተዋሱ። ግፊቱን የሰሌዳው ቁጥር አንድ ተኩል ጊዜ ድረስ አድርሱት፤ ለ10 ባር ታንክ 15 ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ተዉት። መርፌዋ ካልወረደች፣ ብየዳው ካላላበ፣ ሆዱም ካላበጠ ታንክ አግኝታችኋል።

ስትገጥሙት ታንኩ ላይ ምንም አታስበይዱ። «አንዲት ጆሮ ልበይድልህ» የሚል በያጅ ደግነቱ ይቅርባችሁ፤ ሙቀቱ ብረቱን ያዳክመዋል። በቀበቶ ማሰሪያ ከሻንሲው ጋር እሰሩት፣ በመሐል ጎማ አድርጉ። ከማርሚታው ይራቅ፣ ከነዳጅ ሰርባቶዮውም ይራቅ። ማፍሰሻው ወደ ታች ይሁን፣ እጅም ይድረስበት።

ሴፍቲ ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊት ከሰሌዳው ቁጥር በላይ መሆን የለበትም። የ8 ባር ታንክ ያላችሁ ደግሞ 8 ድረስ አትሙሉት፣ 7 ይበቃል። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት 8 ባር የተሞላ ታንክ ቆላ ወርዶ ከመኪናው ሥር 60 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ከ9 ባር ያልፋል። ሴፍቲ ቫልቩ መሐል መንገድ ላይ ሲጮህ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጎማ የፈነዳ ነው የሚመስለው።

ኮምፕረሰሩን ከሲጋራ መለኮሻው አታገናኙ፣ ፊውዝ ይበላል። በቀጥታ ከባትሪ፣ ሞተሩ እየሠራ። ውሃውን ደግሞ በክረምት በየሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ አፍሱት። የከባድ መኪና ሾፌሮች ጠዋት ቀለበቷን ሳብ አድርገው «ፍስስ» የሚያሰኟት እሷን ነው። የሚወጣው ውሃ ወፍራም ቡናማ ሆኖ ቅርፊት ከቀላቀለ፣ ታንኩን አውርዳችሁ እንደገና በስልክ መብራት ተመልከቱት፤ አጠራጣሪ ከሆነ ለኪሎ ሸጣችሁ ሌላ ፈልጉ።